ነጂላ ወይስ ሰርዶ

መጋቢት 18፤ ከጠዋቱ 12፡30

የሳህን እጣቢ ለሳሩ። የልብስ እጣቢ ለሽንት ቤት። የአትክልት እጣቢ ለማንጎው። ቧንቧ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ሮቶውን ሳንኳኳው ባዶነቱን ይነግረኛል።

ሳሩ ግን ምስጋና አያውቅም። ከበሩ እስከ ማንጎው ቢጫ፣ ከዚያ ወዲያ ቡናማ። ስረግጠው እንደ ደረቅ ቂጣ ይንኮሻኮሻል። ታ. (ባሌን ታደሰን ነው፤ አንተ ደብተር ለምደኸዋል) ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ በፒክአፕ ጭኖ ያመጣው የደጋ ሳር ነው። እሱ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ፣ ውሃ ክፍል ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ። ለካምፑ ሁሉ ውሃ ያዳርሳል፣ ሚስቱ ጀሪካን ይዛ ትሮጣለች። ለማን አቤት ይባላል።

አባ ቤት ውስጥ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊሄድ እንደተነሣ እንግዳ። እማ ከሞተች ስምንት ወር። እሱን ከሠፈራ መንደራችን፣ ከአምባ፣ ካመጣሁት አምስት ወር። ማሳው ውስጥ ወድቆ አገኙት፤ ወባ ነበር፣ ራሱን አያውቅም ነበር፤ መኪና ይዤ ሄጄ ጫንኩት። አሁን ድኗል። ግን አይናገርም። ሲጠሩት «እህ» ብቻ።

ከወንድሜ ከይመር ጋር የተስማማነው እስከ ሐምሌ ነው። ከለመደ እኔ ጋ ይቀራል። ካልለመደ ይመር ወደ አምባ ይመልሰዋል። እኔ እንዲቀር ነው የምፈልገው። አምባው ከጤና ጣቢያ ሩቅ ነው፤ ሁለተኛ ቢወድቅ ማን ቶሎ ይደርስለታል? ግን ምን እንዳስለምደው አላውቅም። በርጩማ በረንዳ ላይ አወጣለታለሁ። ይወጣል። ሳሩን ያያል። ተመልሶ ይገባል።

ደወል ሊደወል ነው። ሮጥኩ።

መጋቢት 21፤ እሁድ፣ ከሰዓት

ከታ. ጋር በሳር ተጣላን። በሳር! ውሃ ትሰስቺበታለሽ አለኝ። ስሜት ሳይሆን ስሌት ነው አልኩት። እሱ ሳሩን ሲነኩበት አናቱ የተነካ ያህል ነው። አዲስ አበባ ያደገበት ግቢ እንዲህ ያለ ሳር ነበረው፤ ይህን ሺህ ጊዜ ነግሮኛል።

እኔስ? ዓመቱን ሙሉ ለዘጠነኛ ክፍል ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የደጋ ሳር ግቢዬ ቆላ ላይ ሲሞት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «ምን ነክቶት ይሆን?» እላለሁ። ተማሪዎቼ ቢሰሙ ደብተራቸውን ይመልሱልኛል።

ምሳ ላይ አባ ድንገት ተናገረ። ላም አላችሁ ወይ አለ። የለንም። በግስ? የለንም። ታዲያ ሳሩን ማን ይበላዋል አለ። ታ. ለዓይን ነው አለው። አባ ታ.ን ትክ ብሎ አየውና ወደ ሽሮው ተመለሰ። እኔ ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላወቅሁም። ከአምስት ወር በኋላ የተናገረው ስለ ሳር ነው።

መጋቢት 30፤ 11 ሰዓት ከሰዓት

ዘህራ መጣች። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ። በርታ ናት፣ የዚሁ የአሶሳ ልጅ፤ ባሏን ተከትላ ሱዳን፣ ደማዚን ሃያ ዓመት ኖራ ጦርነቱ መለሳት። አማርኛዋ ሴት አያውቅም፤ እኔንም ድመቷንም «አንተ» ነው የምትለን። እወዳታለሁ።

ሳሩ መሐል ቆማ በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። «እህቴ፣ ይሄ ሳር በሽተኛ ነው። አንተ ነጂላ ትከል። ነጂላ ውሃ አይለምንም።»

ነጂላ ምንድን ነው? ሳር ነው። ምን ዓይነት ሳር? ጥሩ ሳር። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላገኘሁም። ደማዚን ሹም የተባለ ሁሉ ግቢው ነጂላ ነው አለች። ማታ ማታ ወንበር አውጥተው ሻይ ይጠጡበታል። ፀሐይ ሲጠብሰው ይተኛል፣ ዝናብ ሲነካው ይነሣል። ሆሞሻ ያለው ወንድሟ ግቢ ሞልቷል፤ ታስመጣልኛለች።

ደስ አለኝ። ስሙ ራሱ ደስ ይላል፤ የሽቶ ስም ነው የሚመስለው። አባ ውኃ በማይለምን አረንጓዴ ላይ ቁጭ ብሎ ታየኝ።

ሚያዝያ 12፤ እሁድ

ታ. እሺ አለ። ሳምንት ሙሉ አኩርፎ፣ ዛሬ በራሱ እጅ ዶማ አነሣ። የደጋውን ሳር እንደ ምንጣፍ ጠቀለልነው፤ ሥሩ ሞቷል፣ ከሥሩ ምስጥ ሠፍሯል። ታ. አንዲት ቁራጭ አንሥቶ ሲያሸት አየሁት። አዘንኩለት። አላሳየሁትም።

አሁን ግቢው ቀይ አፈር ብቻ። አባ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆመ። ባዶውን አፈር እያየ ረጅም ጊዜ ቆመ፣ ከሳሩ ይልቅ ባዶው የጣመው ይመስል። ይህም አልገባኝም።

ግንቦት 4፤ ከሰዓት በኋላ

ዝናብ! ሦስት ቀን ተከታትሎ። አፈሩ ለሰለሰ። የዘህራ ወንድም በሆሞሻ ሚኒባስ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ልኮልናል። ስፈታው ቅጠል የለ፣ ምን የለ፤ ጭቃ የለበሰ ክርማ፣ ክር የመሰለ ረጅም ሥር፣ እየቦታው ቋጠሮ ያለው። ይሄ ነው ሽቶው? ዘህራ ሳቀችብኝ። ቋጠሮው ነው የሚበቅለው አለች።

በጣት ቀዳዳ፣ ክሩን ማስገባት፣ ጫፉን ማስቀረት፣ በእግር መርገጥ። ስንዝር በስንዝር። እኔ ከወገቤ ተቆረጥኩ፤ ዘህራ ስልሳ ሊሞላት ነው፣ እየዘፈነች ትተክላለች። አባ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። ይሻላል፤ ለምልሞ ሲያየው ይደነቅ ብዬ አልነገርኩትም።

ግንቦት 12፤ ጠዋት

ነገር አለ። ከማንጎው ሥር የተከልነው በቅሎ ነበር፤ ትናንት ጫፉ አረንጓዴ ነበር። ዛሬ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ባዶ። አፈሩ ተገልብጧል። ዶሮ? ዶሮ ክርማውን የት ትወስደዋለች? ፍየል? በሩ ዝግ ነው። ምስጥ? ምስጥ እንዲህ አስተካክሎ አይቆፍርም።

ክ/ጊዜ 3 ላይ ስለ አፈር መሸርሸር እያስተማርኩ የማስበው ስለ ግቢዬ ነበር። ሰሌዳው ላይ «የነጂላ መሸርሸር» ጻፍኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ግንቦት 14፤ 12 ሰዓት ከ10፣ ጠዋት

ሌባው አባ ነው።

ልጻፈው። ውሃ ልቀዳ ስወጣ አየሁት። ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ተንበርክኮ፣ በኔ የሽንኩርት ቢላ ይቆፍራል። ክርማውን በእርጋታ ይከተላል፣ እንዳይበጠስ። ያወጣውን መሬት ላይ አይጥልም፤ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ለፀሐይ ያሰጣል። የጠፋው ሁሉ እዚያ፣ ከበርጩማው ኋላ፣ ደርቆ ተከምሯል።

ቀና ብሎ አየኝ። «ኧረግ! ልጄ፣ ግቢሽን ሰርዶ ወሮታልኮ! ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

ሰርዶ።

የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ከማሳው ሲነቅለው የኖረውን ሰርዶ፣ እጁን ያቆሰለውን ሰርዶ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከተማ አክስቴ ጋ እስክገባ ድረስ እኔም ከኋላው እየተከተልኩ የለቀምኩትን ሰርዶ፣ ነጂላ ብለው ሲሰጡኝ በማዳበሪያ ተቀብዬ፣ በጣቴ ተከልኩት። ስንዝር በስንዝር። ዘፈን እየሰማሁ።

እኔ ነኝ የተከልኩት ልለው ነበር። ከአፈሩ ጋር መጥቶ ይሆናል አልኩት። አዎ፣ እንደሱ ነው ጠባዩ አለ። ወሎን ለቀን ስንመጣም በማረሻው ጭቃ ተጣብቆ ተከትሎናል አለ። ከዚያ ቁርስ አለ ወይ አለኝ።

ቁርስ አለ ወይ! ሰባት ወር ስለምነው የኖርኩትን ምግብ ራሱ ጠየቀ።

ያው ዕለት፤ 10 ሰዓት

ሁለት ጊዜ በላ። ስለ ሰርዶ አወራ። ሥሩ ጥፍር ያህል ከቀረ መልሶ ይመጣል። የቀረፋ እንጨት ያህል ካደረቅከው ይሞታል። ይመር ጉልጓሎ አይችልም፤ በጥሶ ነው የሚነቅለው። እማ ግን ትችል ነበር። የእማን ስም ሲጠራ የሰማሁት ከቀብሯ ወዲህ ዛሬ ነው።

ደስ ብሎኛል? አዎ። ሳሬስ? አላውቅም። ዘህራ ብትሰማስ? ምኑን ከምኑ እንደምይዘው ግራ ገብቶኛል።

ግንቦት 20፤ ከምሳ በኋላ

አንተ ደብተር፣ አትፍረድብኝ።

ትናንት አባ ሲተኛ (ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይተኛል) ያልደረቁትን ክርማዎች ከክምሩ መርጬ መልሼ ተከልኳቸው። ዛሬም። ምክንያቱም ሰኞ ግማሹን ግቢ ጨርሶ ነበርና። ሲጨርስስ? ተመልሶ ሶፋው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰርዶ ያለበት ቀን ይበላል፣ ያወራል፣ ከገበያ መኮትኮቻ አምጪ ብሎ ያዘኛል። ገዛሁለት። አባቴ እንዲነቅል መሣሪያ ገዝቼ፣ እንዳይጨርስ መልሼ እተክላለሁ።

ጠዋት ያያል፤ ይናደዳል። «አየሽው ይሄን ከሃዲ!» ይላል። ይስቃል። ይንበረከካል።

እኔ አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ክፍል ገብቼ ውሸታም ነሽ እላለሁ ለራሴ።

ግንቦት 24፤ እሁድ

ለታ. ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ። የኔን ሳር በውሃ ምክንያት አስነቀልሽ፤ የተከልሽውን አባትሽ ይነቅላል፤ እሱ የነቀለውን አንቺ ትተክያለሽ፤ በመጨረሻ ሳር ያለን ነን የሌለን ነን? አለ። ቀጥሎ በረንዳ ወጥቶ ከአባ ጎን ተንበረከከ። ሲቆፍሩ ዋሉ። አባ እንዴት እንደሚያዝ አሳየው። እኔ እንጃ፣ ይህ ቤት።

የሚገርመው የማይነቀለው ይበዛል። ከአጥሩ ሥር ምንጣፍ ሆኗል። ታ. በባዶ እግሩ ረገጠውና ሳያስበው «ጥሩ ነው» አለ። እኔም ረገጥኩት። ለስላሳ ነው። አሥር ቀን ቧንቧ አልመጣም፤ እሱ እቴ፣ ዞር ብሎም አላየ።

ግንቦት 29፤ 11 ሰዓት

ወጣ። ሁሉም ወጣ።

ዘህራ ነጂላዋን ልታይ መጣች። ሲሚንቶው ላይ የተሰጣውን ክምር አየች። «ነጂላ ማን ገደለ?» ስትል አባ መኮትኮቻውን እንደያዘ ቀና አለ። የምን ነጂላ፣ ሰርዶ ነው አላት። ነጂላ ነው አለችው። ሰርዶ። ነጂላ። እሱ አንድ ክርማ አነሣ፣ እሷ ሌላ አነሣች፤ አስተያዩ። አንድ ነው። ዘህራ፣ ነገሩን ልታቀና ብላ፣ «እኛ ነን የተከልን። አንተ ልጅ ብዙ ደከመ» አለችው። ልጅህ ማለቷ ነው፤ እኔን።

አባ ወደ እኔ ዞረ። አየኝ። ቀስ ብሎ ገባው፤ ሲገባው አየሁት። መትከሌ ብቻ አይደለም። ከምሳ በኋላ እየመለስኩ መትከሌም።

መጀመሪያ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰርዶ ተተክሎ ግን አላየሁም!» ዘህራም ሳቀች፣ ተረቱ ሳይገባት። እኔም ልስቅ ስል እሱ አቆመ። «እና ይሄን ሁሉ ቀን ከአንቺ ጋር ነው የምታገለው?»

መኮትኮቻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገባ። ዘህራ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የማንም አይደለም አልኳት። የኔ ነው።

ሰኔ 2፤ ጠዋት

ሦስት ቀን አልነካውም። ግቢው ይለመልማል። ከበሩ እስከ ማንጎው፣ ታ. ሲመኘው የኖረው አረንጓዴ። ላየው አልፈልግም።

አባ ግን ሶፋው ላይ አይደለም። ዝምም አላለም። ይህ ነው ግራ ያጋባኝ። ትናንት ይመር ጋ ደውዪልኝ አለ። ስልኩን ወስዶ ስለ ታችኛው ማሳ ጠየቀ። ታርሷል? አልታረሰም። ለምን? በሬው አሞት ነበር። ሰርዶውስ? ይመር ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ የአባ ፊት ግን ነገረኝ። አኩሪ አተር የሚዘራበት ጊዜ እያለፈ ነው አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

ሰኔ 4፤ 12 ሰዓት ማታ

ልሂድ አለ።

አይሆንም አልኩት። ወባው፣ ወገቡ፣ ጤና ጣቢያው፣ ዕድሜው፣ አንድም አላስቀረሁም። ድምፄ ከፍ አለ። ተማሪ እንደምቆጣ ተቆጣሁት፤ አባቴን። እሱ አልተቆጣም። አስጨርሶኝ እንዲህ አለ፤ ቃሉን እንዳለ ልጻፈው፤

«ሁለቴ ጭነውኛል ልጄ። አንዴ መንግሥት ከወሎ፣ አንዴ አንቺ። ያኔ ‹ትሄዳለህ ወይ?› ያለኝ አልነበረም። አንቺም አላልሽኝም።»

ታመህ ነበር፣ ራስህን አታውቅም ነበር አልኩት። አዎ አለ። ከነቃሁስ በኋላ? አለ።

ምግብ ላቀርብ ገባሁና ምጣዱ ላይ ምን እንደጣድኩ ጠፋኝ። አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አንተም አትጠይቀኝ። ተናድጄ ነው? አፍሬ? መንግሥትና እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግባታችን ነው? ስሳሳለት የኖርኩ መስሎኝ እንደ ጭነት ነው ያየሁት?

ሰኔ 6፤ እረፍት ሰዓት፣ ት/ቤት

ይመር ጋ ደወልኩ። እሱም ይፈራል። እንዲመጣ ይናፍቃል፣ ደግሞ እንዳይወድቅበት ይፈራል፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። አንቺ እህቴ የተማርሽ ነሽ፣ ምን እናድርግ አለኝ። የተማርኩት ስለ ኬክሮስ ነው። ስለዚህ ነገር ማንም አላስተማረኝም።

ቢወድቅስ? ቢወድቅ የኔ ጥፋት ነው። እዚህ ቢቀርና እንደ መጋቢቱ ዝም ቢል ደግሞ? እሱም የኔ ነው። የቱ ይቀላል? ቀላል ያለበት መንገድ ስፈልግ ሁለት ቀን አለቀ። የለም።

አንድ ነገር ግን ጠዋት በረንዳው ላይ አየሁ። ጥርሱን እየፋቀ፣ ፊቱን ወደ አምባው አዙሮ ቆሞ ነበር። የታመመ ሰው አቋቋም አልነበረም። ሥራ የሚጠብቀው ሰው አቋቋም ነበር።

ሰኔ 7፤ ቅዳሜ፣ 1 ሰዓት ጠዋት

ታ. ገና አልመጣም። አልጠብቀውም። ወስኛለሁ፣ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ወደ አምባ ሲሄድ የሚይዘው፦ የወባ መድኃኒት፣ አጎበር፣ የዝናብ ጫማ። ለይመር ልጅ ስልክ የሚሞላ ካርድ፣ በየሁለት ቀኑ እንድትደውልልኝ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ት/ቤት ሲዘጋ እኔም ሄጄ ሁለት ሳምንት እቀመጣለሁ፤ አብሬው እለቅማለሁ። እጄ ረስቶት ከሆነ ያሳየኛል። ከከፋ ከዚያ አብረን እናስባለን፤ አብረን እንጂ እኔ ብቻዬን አይደለም።

ግን ይህን ሁሉ ከመናገሬ በፊት ልጠይቀው ነው። አባ፣ የት መኖር ትፈልጋለህ? ልለው ነው። መልሱን አውቀዋለሁ። ሲመልስልኝ አቋርጬ እቆጣለሁ ብዬም እሰጋለሁ። ከአፌ እስኪወጣ ግን ሌላ ነገር አልነካም።

ልብሱን ለብሷል። በረንዳ ላይ ነው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጠራኛል። ሄድኩ